ኩቹን ለማኮላሸት የመከርንበት ክረምት

ውሻው የእኛ አልነበረም፤ የአከራያችን ነበር። እኔና ባለቤቴ ከወሎ መጥተን አስመራ ስንኖር፣ ማይ ጭሆት ውስጥ በአንዲት ባልቴት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «አደይ» ይላቸዋል፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እኛም እንደ ሰፈሩ አደይ አልናቸው። አደይ ገጀረት በሚባለው ሰፈር ለአንድ የጣሊያን ቤተሰብ ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ቤተሰቡ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አንድ የፓስታ ማጥለያ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ቡችላ ትቶላቸው ሄደ። ሰዓቱ ወዲያው ቆመ። ቡችላው ግን አልቆመም።

ነጭ ነበር፤ ጆሮዎቹ ብቻ ቡናማ። ካደገ በኋላ እንኳ ከደህና ድመት አይበልጥም ነበር። እግሮቹ በጣም አጫጭር ስለነበሩ ሲሮጥ ከመሮጥ ይልቅ የሚንከባለል ይመስላል። ጣሊያኖቹ ስም አውጥተውለት ነበር፤ አደይ ግን ስሙን በትክክል መጥራት ስላልሆነላቸው «ኩቹ» ብለው ቀሩ። ውሻ ሁሉ ኩቹ ነው። እሱም ቅር አላለውም።

እኛ እስላሞች ነን። ውሻ ግቢ ቢጠብቅ ችግር የለብንም፤ ቤት አይገባም፣ አይነካም፣ ምራቁ ልብስ ከነካ ልብሱ ይታጠባል። እኔ ያደግሁት እንዲህ ነው፤ እናቴ ውሻ ባጠገቧ ሲያልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርግ ነበር። ባለቤቴም እንዲሁ። ታዲያ ኩቹ ከግቢው ሰው ሁሉ መርጦ የወደደው ባለቤቴን ነው። እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ክር፣ ቁልፍና ሳሙና የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ማታ ከአውቶቡስ ወርዶ ጥግ ላይ ገና ሳይታጠፍ ኩቹ ያውቃል፤ በሩ ሥር አፍንጫውን አስገብቶ ያለቅሳል። ባለቤቴ ገብቶ «ወግድ!» ይለዋል። ግን ያን «ወግድ» ብትሰሙት፣ ሰው ለልጁ «ና ሳመኝ» የሚልበት ድምፅ ነው። ከሥጋ ቤት አጥንት በወረቀት አስጠቅልሎ ያመጣና ከሩቅ ይወረውርለታል። ከዚያ እጁን ይታጠባል፤ አጥንቱን የነካው በወረቀት ቢሆንም።

ነገሩ የመጣው ዝናብ ሲጀምር ነው። ኩቹ የተወለደው በጥምቀት ሰሞን ስለነበር፣ ሰኔ ላይ ጎረመሰ። መጀመሪያ እግሩን ማንሣት ተማረ። በአደይ የአበባ ጣሳዎች ላይ፣ በውኃ ቧንቧው ላይ፣ በማገዶው ላይ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ባለቤቴ ለሶላት በሚታጠብባት ማንቆርቆሪያ ላይ። ባለቤቴ ማንቆርቆሪያዋን አንሥቶ አየ፣ ኩቹን አየ፣ ወደ ሱቁ ሄደ። በማግስቱ ሌላ ማንቆርቆሪያ ገዝቶ መጣና ሚስማር ላይ ሰቀላት።

ቀጥሎ እግር ማቀፍ ያዘ። የእንግዳ እግር፣ የወንበር እግር፣ ያገኘውን። አደይ ይህን ሁሉ ሥቀው አለፉት፤ የንስሐ አባታቸው ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት ግን ሣቁ አለቀ። ቄሱ በሩ ላይ ቆመው ሲባርኩ ኩቹ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ባታቸው ላይ ተጠመጠመ። ቄሱ እግራቸውን ያናውጣሉ፣ እሱ አይለቅም። ጸሎቱንም ማቋረጥ አይሆንም። አደይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

ቄሱ እንደ ወጡ አደይ ወደ እኔ መጡ። በመስኮት ሁሉን አይቼ ስለነበር ከንፈሬን ነክሼ ነው የጠበቅኋቸው።

«ጓለይ፣ ይሄ ከልቢ ሊያዋርደኝ ነው» አሉ፤ ጓለይ ልጄ፣ ከልቢ ደግሞ ውሻ ማለታቸው ነው። «የገጀረቷ እመቤቴ እኮ ነግራኝ ነበር። ሲያድግ ሓኪም ጋ ውሰጂው፣ ያኮላሹታል፣ ልቡ ይረጋል ብላኝ ነበር።»

«ውሻ?» አልኳቸው።

«እወ፣ ውሻ። በአገራቸው ያደርጋሉ።»

እሑድ ወንድማቸው መጡ። ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሻሂ እየጠጡ ነገሩን ሰሙና ስኒውን አስቀመጡት።

«በሬ ይኮላሻል፣ እሺ፤ ሰንጋ ሆኖ ያርሳል። ፍየል ይኮላሻል፣ ሙክት ሆኖ ይሰባል። ውሻ ተኮላሽቶ ምን ሊሆን ነው? ስሙስ ማን ይባላል?»

እውነትም ስም የለውም። አደይ በትግርኛ ፈለጉ፣ እኔ በአማርኛ ፈለግሁ፤ አላገኘንም። ለሰው የሚባለውን ቃል ማንም አፉ ላይ ማምጣት አልፈለገም። ወንድማቸው ይህን እንደ ድል ቆጥረው ስኒያቸውን አነሡ። «ስም የሌለው ነገር አይደረግም» አሉ።

ማታ ለብቻችን ስንሆን ባለቤቴ «በደል ነው» አለኝ። «አላህ የፈጠረውን መለወጥ ነው። ደግሞ ምን አደረገ? ጎረመሰ። ያልጎረመሰ አለ?» ለማረጋገጥ ዓርብ ከመስጊድ አንድ አዋቂ ሰው ጠየቀ። ሲመለስ ፊቱ ግራ የገባው ነበር።

«ምን አሉህ?»

«ሊቃውንቱ በዚህ አንድ ቃል አይደሉም አሉኝ። ለእንስሳው የሚበጅ ከሆነ ግን… አሉና ዝም አሉ።»

ያንን ዝምታ እሱ ለራሱ ወገን ወሰደው፤ እኔ ለአደይ ወገን ወሰድኩት።

አደይ ቆራጥ ሴት ናቸው። በሳምንቱ ኩቹን በቅርጫት አድርገው ክዳኑን በገመድ አሰሩና «ተነሺ» አሉኝ። የከብት ሐኪሙ ከመሐል አገር ተመድቦ የመጣ ሰው ስለነበር ትግርኛ አያውቅም። የአደይ አማርኛ ደግሞ ለጉርብትና የሚበቃ እንጂ ቢሮ የሚያስገባ አይደለም፤ እሳቸው እንዲህ ነበር የሚሉት። ያኔ ቢሮ ሁሉ በአማርኛ ሆኖ ስለነበር ለአደይና ለመሰሎቻቸው ማመልከቻ የምጽፈው፣ አብሬ ሄጄ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ስለ ቤት ግብር፣ ስለ ውኃ መሥመር ተናግሬያለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ግን ከማላውቀው ወንድ ፊት ቆሜ መናገር እንዳለብኝ የገባኝ በሩን ከገባን በኋላ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ሐኪሙ፤ ወጣት ነው፣ መነጽር ያደረገ።

አደይ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«ይሄ ውሻ… ያው ወንድ ነው» አልኩ።

«አያለሁ።»

«እና… ወንድነቱ በዝቶብን ነው።»

ሐኪሙ ፈገግታውን ሊደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩ። አደይ «እወ፣ በጣም በዝቷል» ብለው ደገፉኝ።

ኩቹን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ መረመረው፤ ጥርሱን፣ ልቡን፣ ሆዱን። ከዚያ ወደ ታች ዳሰሰ፣ ቆም አለ፣ እንደገና ዳሰሰ።

«በዝቷል ነው ያላችሁኝ?» አለ። «እንዲያውም ጎድሏል። አንዱ ፍሬ ብቻ ነው የወረደው። ሌላው ሆዱ ውስጥ ቀርቷል።»

አስተርጉሜ ለአደይ ነገርኳቸው። አማተቡ።

ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳን። ፍሬው ሲወለዱ ውስጥ ነው፣ በኋላ ይወርዳል፤ በትናንሽ ውሾች ላይ አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይወርድም። ውስጥ ከቀረ ሙቀቱ አይስማማውም፤ ዛሬ ባይሆን በኋላ ዘመኑ ዕጢ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ካልወረደ ሁለቱንም ማውጣት ይሻላል፤ ያኔ ግን ሆዱ መከፈት አለበት። «አሁን አልቸኩልም» አለ። «ትንሽ ነው፣ ጭቃውም ለቁስል ጥሩ አይደለም። ክረምቱ ይለፍ። እየዳሰሳችሁ ጠብቁ። ከወረደ ሥራው ቀላል ይሆናል፤ ያኔ ማድረግም መተውም የእናንተ ፈንታ ነው። ጥቅምት ድረስ ካልወረደ ግን አምጡት።»

እየዳሰሳችሁ። ማን?

መጀመሪያ አደይ ሞከሩ። ነገር ግን ቁርጥማት ጣቶቻቸውን አጣሞባቸው ስለነበር ሁለት ጊዜ «ወርዷል!» ብለው አብሥረውን ሁለቱም ጊዜ ሐሰት ሆነ። ከዚያ እጃቸውን ፊታቸው ላይ ዘርግተው አዩትና «ጓለይ» አሉኝ፣ «ያንቺ ጣት የልብስ ሰፊ ጣት ነው። በጨርቅ ውስጥ መርፌ ታገኛለሽ። አንቺ እዪልኝ።»

በሕይወቴ ውሻ ነክቼ አላውቅም። እንቢ ማለት እችል ነበር፤ አደይ ሃይማኖቴን ያውቃሉ፣ አይቀየሙም። ግን ፊታቸውን አየሁ። እሺ አልኩ። ባሊ ውኃና አፈር አዘጋጅቼ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ ከደረጃው ሥር ተቀመጥኩ። አደይ ኩቹን በጀርባው አንጋለው ያዙልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰደድኩ።

የጠበቅሁት ሸካራ ነገር ነበር። ሆዱ ግን ፀጉር የሌለው፣ ለስላሳ፣ ገና ከምድጃ የወጣ ዳቦ ዓይነት ሙቀት ያለው ነበር። ልቡ ከጣቴ ሥር ይሮጣል። የምፈልገውን ነገር ረሳሁት። ዓይኔን ስገልጥ አንገቱን አጣሞ ያየኛል፤ ምን እንደማደርግ ባያውቅም ክፉ እንዳልሆነ አምኗል። «አልወረደም» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ተነሥቼ እጄን እንደ ሥርዓቱ በአፈርም በውኃም አጠብኩ። ሳጥብ ግን እንደ ድሮው የመጸየፍ ነገር አልተሰማኝም። ትእዛዝ ስለሆነ ነው ያጠብኩት።

በዚያ ክረምት የቤታችን ሰላምታ ተለወጠ። ባለቤቴ ከሱቅ ይገባል፣ ጃኬቱን ያራግፋል፣ ወደ እኔ ሳያይ «ወረደ?» ይላል።

«አልወረደም።»

«አብሽር፣ ይወርዳል።»

የሚያጽናናው እኔን ይሁን ኩቹን አላውቅም። ቢወርድ ውሻው ከቢላዋ ይድናል ብሎ ስለሚያስብ ተስፋው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። የአደይ ወንድም ደግሞ አንዱ መጉደሉን ከሰሙ ወዲህ ጭራሽ ተለወጡ። እሑድ ሲመጡ ኩቹን ጭናቸው ላይ አውጥተው «አንታ ምስኪን» እያሉ ጆሮውን ያሻሹታል። ብስኩት ማምጣት ጀመሩ። ጉድለቱ ይሁን ምኑ፣ ሁሉም ሰው በፊት ከሚወደው የበለጠ ወደደው። እሱ ግን ማዘን ለማን ብሎ፣ በአንዱ ብቻ የሁለቱን ሥራ ይሠራ ነበር። ማገዶው ጀርባ በግንቡ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ መውጣት ተማረ። አንድ ቀን ጆሮው ተቀዶ፣ አንድ ቀን እያነከሰ ተመለሰ። ጉድጓዱን በድንጋይ ስንዘጋ ሌላ ይቆፍራል።

መስከረም ላይ በለስ ከገበያ ሲጠፋ፣ ኩቹም ጠፋ።

ማታ አልመጣም። ጠዋትም የለም። በዚያ ሰሞን ለጎዳና ውሾች መርዝ ያለበት ሥጋ ተጥሏል እየተባለ በከተማው ይወራ ነበር፤ ጎረቤት ስታልፍ ይህንኑ ለአደይ ነገረቻቸው። አደይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ምሳ አልበሉም። እኔ በማይ ጭሆት መንገዶች «ኩቹ! ኩቹ!» እያልኩ ስዞር ዋልኩ፤ ስሙ ስም ስላልሆነ የሰው ውሻ ሁሉ ይመጣልኛል፣ እሱ ግን የለም። ከፌርማታው አጠገብ አንድ ውሻ ተዘርግቶ ከሩቅ አይቼ ሮጥኩ። ስጠጋ ትልቅ ነው፣ ጥቁር ነው። እፎይ አልኩ፤ እፎይ በማለቴም አፈርኩ።

ለባለቤቴ ሰው ላክሁበት። እሱ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ አያውቅም፤ ደንበኛ ይሸሻል ይላል። ያን ቀን ዘጋ። እዳጋ ሓሙስን ከጫፍ እስከ ጫፍ አካለለ፤ ታክሲ ነጂዎችን፣ ባለ ጋሪዎችን፣ አትክልት ሻጮችን ጠየቀ። በኋላ የነገሩኝ እነሱ ናቸው፤ ከጉልበቱ በታች ከፍታ በእጁ እያሳየ «ነጭ፣ ጆሮው ቡናማ፣ ይህን ያህል» እያለ ሲለምን ልጅ የጠፋበት መስሏቸው እንደነበር።

አመሻሹ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። ጃኬቱን አልለበሰም። ጃኬቱ በእቅፉ ነበር፤ ከጃኬቱ ውስጥ አንድ ዱቄት የለበሰ አፍንጫ ብቅ ብሏል። ወፍጮ ቤት ደጅ፣ አንዲት ቢጫ ትልቅ ውሻ በከበቡ ጎረምሳ ውሾች መሐል አገኘው። እሷ ቆማ እሱ በሆዷ ሥር ያለ ጎንበስ ማለት ያልፋል። ሌሎቹ ነክሰውት ጀርባው ደምቷል፤ ሊያነሣው ሲሞክር ግን አጓርቶበታል። ሄዶ ሄዶ ሲደክመው ራሱ መጥቶ ጫማው ላይ ተኛ።

አደይ ሮጠው መጡ። ተቀብለውት ዱቄቱን በነጠላቸው እየጠረጉ ያለቅሳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይስማሉ። «የቐንየለይ ወደይ፣ የቐንየለይ» ይላሉ ለባለቤቴ፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። እሱ ባዶ ክንዶቹን እንደ ዘረጋ ቆሞ ነበር። ሸሚዙ በደምና በምራቅ ተበላሽቷል።

«አደይ» አላቸው፣ «ጥቅምት ሲገባ ውሰዱት። አልከራከርም። እኔ ዛሬ መንገድ ላይ የተኛ ውሻ ባየሁ ቁጥር ልቤ እየቆመ ነው የዋልኩት። ሞቶ ወንድ ከሚሆን ኖሮ ምንም ይሁን።»

ከዚያ ልብሱን ለውጦ ታጠበ። ረጅም ጊዜ ታጠበ።

ጥቅምት ሲገባ ለመጨረሻ ጊዜ ዳሰስኩት። አልወረደም። ሐኪሙ ዘንድ ስንሄድ በዚህ ጊዜ ብዙ አልተንተባተብኩም። ማደንዘዣ ወግቶት ዓይኑ ሲከደን አደይ ወጥተው ደጅ ቆሙ፤ እኔ ግን መዳፉን ይዤ እስኪተኛ ቆየሁ። ከዚያ ከአደይ ጋር ግንብ ተደግፈን ጠበቅን። አደይ መቁጠሪያቸውን፣ እኔ ደግሞ የቻልኩትን ዱዓ። ሐኪሙ ሲወጣ «ጨርሰናል። ሆዱ ውስጥ የነበረው ያነሰና የጠነከረ ነው፤ ማውጣታችን ጥሩ ሆነ» አለ።

በጋሪ ስንመለስ መንገድ ላይ ወታደሮች ይፈትሹ ነበር። አንዱ ቅርጫቱን አመለከተ። «ምንድን ነው ያለው?»

«በሽተኛ» አሉ አደይ።

ክዳኑን አንሥቶ አየ። ኩቹ ምላሱ ወጥቶ፣ ሆዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ በአማርኛ። ነገርኩት። ወታደሩ ፊቱ ተጨማደደ፣ ሳያውቀው ጠመንጃውን ከወገቡ በታች እንደ መጋረጃ ይዞ ቆመ፣ ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰ። «እግዜር ይማረው» አለ፣ «እለፉ።» አደይ ቤት እስክንደርስ ድረስ ሣቁ፤ ሣቃቸው ግማሹ እፎይታ ነበር።

ስፌቱን እንዳይልስ ከባለቤቴ አሮጌ ሸሚዝ እጅጌ አራት እግር ማስገቢያ ያለው ልብስ ሰፋሁለት። የአደይ ወንድም ሲያዩት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባለቤቴ አጥንቱን መወርወር ትቶ፣ ከሥጋ ቤቱ መረቅ በጣሳ ያመጣና አደይ ደጃፍ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል።

ወዲያው አልተለወጠም። እንዲያውም ከዳነ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው የወንድማቸውን እግር ማቀፍ ነበር፤ እሳቸውም «ይኸው! ይኸው አለ!» ብለው ደስታቸውን መያዝ አቃታቸው። ሐኪሙ ግን ጊዜ እንደሚፈልግ ነግሮን ነበር። የገና በዓል ሲደርስ መቆፈሩን ተወ። እግር ማንሣቱን አልተወም፤ ልማድ ሆነ። ወፈር አለ። የፈራሁት ያዝናል ብዬ ነበር፤ ጥግ ይዞ የሚተክዝ መስሎኝ ነበር። አላዘነም። ሌላው ቀርቶ ድመት ማሳደዱ እንኳ አልቀረም።

አሁን ሳስበው ትክክል ነው ወይ ያደረግነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ለሌላ ውሻ አላውቅም እለዋለሁ። ለእሱ ግን የመጠበቅ ጊዜውን ጠብቀን፣ ሁላችንም ተጨንቀንበት፣ ተከራክረንበት ያደረግነው ነው። ከብዙ ሰው ዕጣ ፈንታ ይልቅ የእሱ ተመክሮበታል።

አደይ ጉልበታቸው እየደከመ ስለመጣ ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን መሄድ ይፈሩ ነበር። በዚያ ዓመት ከጥምቀት ወዲህ ኩቹን ማስከተል ጀመሩ። ያለ ገመድ ነው የሚሄደው፤ ሴት ውሻ ብታልፍ አሽትቶ ይመለሳል። እሳቸው ሲገቡ እሱ ከቅጥሩ ውጭ፣ እንደኔው ወደ ውስጥ ከማይገቡት ጋር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ይተኛል። አንዳንድ እሑድ እኔም እስከዚያ እሸኛቸውና አብሬው እቀመጥ ነበር። ቅዳሴው በግንቡ ላይ ይሰማል። እጄን ጀርባው ላይ አሳርፋለሁ፤ አደይ በትራቸውን እየተደገፉ እስኪወጡ ድረስ ሁለታችንም በሩን እናያለን።